ለኢኮኖሚክስ የትኛው ካልኩሌተር ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ የኢኮኖሚክስ መግቢያ እወስዳለሁ። ግራፍ የሚሠራውን ውድ ካልኩሌተር ልግዛ?

መልስ፦ እሱ ይቅርብህ ወንድሜ። የፍላጎትና የአቅርቦትን መስመር በእጅህ ሳል፤ ነገሩ የሚገባህ ያኔ ነው። ቅንፍና የኃይል ቁልፍ (ማብሪያው ሳይሆን ቁጥርን በራሱ ደጋግሞ የሚያባዛው፣ xʸ ወይም ^ የሚለው) ያለው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ይበቃሃል። 1000 ብር በዓመት 5 ከመቶ እየወለደ፣ ወለዱም ራሱ እየወለደ 10 ዓመት ቢቆይ ስንት ይሆናል? 1.05፣ የኃይል ቁልፉ፣ 10፣ ከዚያ በ1000 ማባዛት፤ 1628.89። አለቀ።

ቅንፉን ግን አደራ! ዋጋ ከ10 ወደ 12 ሲጨምር ለውጡን ስፈልግ 12 − 10 ÷ 10 ብዬ 11 አወጣሁ፤ ለካ ማካፈሉን ያስቀድማል። (12 − 10) ÷ 10 ብል 0.2፣ ማለትም 20 ከመቶ ይሰጠኝ ነበር። ፈተና ላይ ስለነበር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከመግዛትህ በፊት ፈተና ላይ የሚፈቀደውን መምህርህን ጠይቅ። ስልክ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ገዝተህ ደግሞ እስከ ፈተናው አታስቀምጠው፤ የቤት ሥራህን በእሱው ሥራ።