ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ በጅማ ገጠር የትኛው ሥራ ይቀድማል?

ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ ሰቃ ጨቆርሳ ውስጥ ከወላጆችዎ በወረሱት የቡናና የበቆሎ መሬት ላይ ከባለቤትዎ ጋር መኖር እንደጀመሩ ገልጸዋል። ክረምቱ ሲወጣ ሥራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለመጣብዎ የትኛውን ማስቀደም እንደሚገባ፣ ለዚህም ሰው መቅጠር ይሻል ወይም በደቦ ይሠራ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ የተወለድሁትም የምኖረውም በማና ወረዳ ገጠር ነው፤ ኑሮው ከእርስዎ አካባቢ ብዙም ስለማይለይ ከለመድሁት ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ።

ከሌላ አገር የመጣ ሰው መስቀል ካለፈ ዝናቡ ያበቃ ይመስለዋል። በጅማ ግን መስከረም ገና የዝናብ ወር ነው፤ ጥቅምትም ቢሆን ጠዋት ጠርቶ የዋለው ሰማይ ከቀትር በኋላ ድንገት ጠቁሮ የሚያወርድባቸው ቀኖች አሉት፤ አስተማማኝ ፀሐይ የምናገኘው ኅዳር ሲገባ ነው። በቆሎው ደግሞ ከዚያ በፊት ይደርሳል፣ ቡናውም በቆላማው በኩል ጥቅምት ላይ መቅላት ይጀምራል። ምርቱ ፀሐዩን ቀድሞ የሚመጣ በመሆኑ ማድረቂያውና ማስቀመጫው ከለቀማውና ከአጨዳው በፊት መዘጋጀት አለባቸው፤ የሥራዎ ቅደም ተከተል ከዚህ ይነሣል።

መስከረም ላይ የሚያዘው ሥራ የቡናው ምንጣሮ ነው። ክረምቱን ያደገው አረም በገጀራና በማጭድ ተቆርጦ እዚያው ይነጠፋል እንጂ አይቆፈርም፤ የቡና መጋቢ ሥሮች ከአፈሩ ገጽ ብዙም ሳይርቁ ስለሚሄዱ ፍሬ በያዘ ዛፍ ሥር ዶማ ማሳረፍ ዛፉን መጉዳት ነው። ሥሩ ሲጸዳ ለቃሚው የሚረግጠውን ያያል፣ እባብም ቢኖር አስቀድሞ ይታያል፣ የረገፈውም ፍሬ ተለቅሞ ለብቻው ይቀመጣል። ለብቻው የምለው መሬት የነካ ፍሬ የአፈርና የሻጋታ ጠረኑን ለደኅናው ስለሚያስተላልፍ ነው። ምንጣሮው ሲካሄድ ዛፎቹን እየዞሩ ይመልከቱ፤ ገና አረንጓዴ ሳለ ጠቁሮ የደረቀ ፍሬ የበዛበት ዛፍ ካገኙ ግንዱ ላይ ጨርቅ ይሰሩበት፣ ለቀማው ካለፈ በኋላ የትኛው እንደነበረ አያስታውሱትምና። ይህ ፍሬ የሚያጠቁር በሽታ በአገራችን መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ከሚያሠራጫቸው በሽታውን ከሚቋቋሙ ዝርያዎች መካከል 74110 እና 74112 ይገኙበታል፤ ቁጥራቸው በ74 የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተመረጡ ነው። ምልክት ያደረጉባቸውን ዛፎች ቀስ በቀስ በእነዚህ መተካት ይችላሉ።

ከምንጣሮው ጎን ለጎን የማድረቂያ አልጋው ይሠራል። በእኔ ግምት አዲስ ገቢዎች ከሁሉ በላይ የሚዘናጉት በዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ቀይ ፍሬ ከተለቀመ በኋላ እንጨትና ሽቦ ፍለጋ ገበያ የሚወጣ ሰው በየዓመቱ አይታጣም። አልጋው ከመሬት እስከ ወገብ ከፍ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ሽቦ ተወጥሮበት፣ ነፋስ ከሥርም ከላይም እንዲያገኘው ይደረጋል። ቦታው ከዛፍ ጥላ፣ ከከብት በረትና ከማድ ቤት ጭስ የራቀ ይሁን፤ ቡና ጭስ ይስባል፣ በኋላም ሲቀመስ ይታወቃል። በነገራችን ላይ የክርስቲያን ቤቶች ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አከማችተው ሲያጥኑ አልጋው ላይ የተሰጣ ቡና መኖሩን የሚያስብ ጥቂት ነው፤ እርስዎም ከሚያጥኑት ወገን ከሆኑ በዚያ ቀን ቡናውን አስቀድመው ይሸፍኑት፣ እሳቱንም ነፋሱ ጭሱን ወደ አልጋው በማይወስድበት በኩል ያንድዱ።

ቡናው ሁሉ በአንድ ቀን አይቀላም። ቀይ ቀዩን ብቻ እየመረጡ አንዱን ዛፍ 3 ወይም 4 ጊዜ መመለስ ግድ ይላል፤ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር አብሮ ማርገፍ ሥራውን ያፋጥናል እንጂ ዋጋውን ይጥለዋል። የተለቀመው ፍሬ ውኃ ውስጥ ሲጨመር ባዶውና ነቀዝ የበላው ይንሳፈፋል፤ እርሱን ቀፍፈው ካወጡ በኋላ የቀረውን አልጋው ላይ በስሱ፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት፣ አስጥተው ቀኑን ሙሉ ደጋግመው ያገላብጡት። ማታና ዝናብ ሲያስፈራ ይሸፈናል፤ ጠዋት ግን ጤዛው ሳይለቅ መግለጥ አይገባም። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የሚደርቀው ቡና፣ እንደ ፀሐዩ ሁኔታ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ ሲደርስ ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ ይንኳኳል፣ እርጥበቱም ከ11 እስከ 12 በመቶ ሊሆን ይገባዋል። የጥቅምቱ ለቀማ ከዝናብ ጋር ስለሚጋጭ የመጀመሪያውን ዙር በእሸትነቱ ለማጠቢያ ጣቢያ መሸጥን፣ የኅዳሩንና የታኅሣሡን ዙር ግን ቤት ማድረቅን እመርጣለሁ። እሸት ካደረ ስለሚብላላ በተለቀመበት ቀን መድረስ አለበት። ዋጋውን ሲያመዛዝኑ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት እንደሚያስፈልግ አይዘንጉ። ነሐሴና መስከረም ላይ ቤትዎ መጥተው ገና ዛፍ ላይ ላለው ቡና ቅድሚያ ገንዘብ የሚሰጡ ደላሎችን በተመለከተ ደግሞ፣ የልጅ ሕክምና ካላስገደደ በቀር እጅዎን ባይዘረጉ እመክራለሁ፤ በችግር ወር የተነገረ ዋጋ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው።

በቆሎውን በተመለከተ ዋናው ሥራ ጥበቃ ነው። ቀን ጦጣና ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ይፈራረቁበታል፤ ስለዚህ ፍሬው ወተት ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ እስኪሰበሰብ ድረስ ማማው ላይ ሰው ሊጠፋ አይገባም። ጫካ የሚዋሰን ማሳ ካለዎት ከጎረቤቶችዎ ጋር ተራ ይግቡ፤ አንድ ሰው ለብቻው ቀንም ሌሊትም ሊጠብቅ አይችልም፣ ልጆችንም ትምህርት ቤት በተከፈተበት ወር ማማ ላይ ማዋል ትክክል አይደለም። የበቆሎው መድረሱ የሚታወቀው ፍሬው ከቆረቆንዳው በሚያያዝበት ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲታይ ነው። ከዚያ በኋላ ማሳ ላይ ሲቆይ ነቀዝ ይገባበታል፣ ዝናብም ያሻግተዋል። ቆርጠው ከጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው የእንጨት ርብራብ ላይ ያድርቁት። መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ የተፈለፈለ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምረው ይነቅንቁት፣ ጥቂት ቆይተው ሲያዩት ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና እርጥብ ነው። እርጥብ በቆሎ ጎተራ መክተት መርዝ ያለው ሻጋታ ማብቀል ስለሆነ አይቻኮሉ። ደርቆ ሲያበቃ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ያለ መድኃኒት ነቀዙን ይገድላል፤ ጎተራ የሚመርጡ ከሆነ ግን እግሮቹ ላይ አይጥ የሚከለክል ቆርቆሮ ያስሩ።

ደቦ ወይስ ቅጥር ላሉት፣ ምንጣሮና የበቆሎ አጨዳ በደቦ ቢሠሩ፣ የቡና ለቀማ ግን በክፍያ ቢሆን ይሻላል፤ በለቀማ ወቅት ሁሉም በየራሱ ቡና ስለሚጠመድ ደቦ የሚመጣልዎ አያገኙም። ለቃሚ በኪሎ ስለሚከፈለው አረንጓዴውን ቀላቅሎ የማርገፍ ፈተና አለበት፤ ስለዚህ ከመመዘኑ በፊት ዘንቢሉን እያዩ ይረከቡ፣ ለንጹሕ ለቀማም ጥቂት ጨምረው ይክፈሉ። ደቦ ሲጠሩ ዓርብን ይተዉት፤ አብዛኛው ጎረቤትዎ ሙስሊም ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ ይሄዳል። ሥጋ የሚያቀርቡ ከሆነም ከብቱን ወይም ዶሮውን ከጎረቤቶችዎ አንዱ እንዲያርድልዎ አስቀድመው ይለምኑ፤ ያ ካልሆነ እንጀራ በሽሮ ወይም በጎመን ማንንም ሳያገል ይበላል። እንግዳ መሆንዎን የሚያስረሳው ሌላው ነገር እርስዎ ራስዎ ሳይጠሩ በሌላው ደቦ መገኘትዎ ነው፤ ይህን በመጀመሪያው ዓመት ያደረገ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚሠራለት አያጣም።

የቀሩት ሥራዎች ለዚህ ያህል ጊዜ አይጠይቁም። ሣሩ አብቦ ሳይደርቅ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለድርቆሽ ይታጨድ፤ የካቲት ላይ ላሞቹ ይፈልጉታል። ጤፍ ከዘሩ አጨዳው ኅዳር ላይ ከቡናው ጋር ስለሚገጥም የሰው ኃይልዎን ከወዲሁ ያካፍሉ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ግን ለሁለት ሰዎች ቤት ጤፉን ከገበያ መግዛት ሳይሻል አይቀርም። ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት በመሆኑ ደግሞ የማማው ጠባቂ ጭምር አጎበር ያስፈልገዋል፤ ትኩሳት የያዘውን ሰው ጉንፋን ነው ብለው ሳያቆዩ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።