ቢያጠብቁትም የሚሰምጥ የካርቦን ኮርቻ ዘንግ

ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። ከአራት ኪሎ ወደ እንጦጦ ወጥተው ሲመለሱ፣ ወጣ ገባው ቁልቁለት ላይ የተራራ ብስክሌትዎ ኮርቻ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ፍሬሙ አልሙኒየም፣ ኮርቻውን ተሸክሞ ወደ ፍሬሙ ቱቦ የሚገባው የኮርቻው ዘንግ ካርቦን ነው። ቀደም ሲል ያየው ጠጋኝ ግራሶ ቀብቶ፣ ከጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ዙሪያውን ጠቅልሎ፣ ቡሎኑን በኃይል አጥብቆታል፤ አሁን መስመጡ ሳይቀር የመንቋቋት ድምፅ ተጨምሮበታል።

ከጻፉልኝ ሁሉ ዓይኔን የያዘው፣ ዘንጉን በፍሬሙ አፍ ላይ ጨብጦ የሚይዘው የማጥበቂያው ቀለበት ሁለት ከንፈሮች ሊነካኩ መድረሳቸው ነው። ልኩ ትክክል የሆነ ዘንግ ሲገባ በከንፈሮቹ መካከል በግልጽ የሚታይ ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ ዘንጉ ለፍሬሙ ቀጭን ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ምናልባትም 31.6 ሚሊ ሜትር ለሚፈልግ ፍሬም 30.9 ተገዝቶለታል። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ዘንጉን አውጥተው የታተመበትን ቁጥር ያንብቡ፤ ቀለበቱን ካላቀቁ በኋላም የፍሬሙን ቱቦ የውስጥ ስፋት በካሊፐር (ስፋትን በትክክል በሚለካው መሣሪያ) ይለኩ። ይህ ምርመራ እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ዘንግ ላይ እንዳይቀመጡ አደራ እላለሁ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጠነቀቅ ላስረዳ። ካርቦን የምንለው በሙጫ የተያያዘ የቀጫጭን ክሮች ንብርብር ነው። ክሮቹ በርዝመታቸው ሲሳቡ እጅግ ጠንካራ ናቸው፤ የነጂውን ክብደትና የመንገዱን ምት እንዲሸከሙም ብዙዎቹ በዘንጉ ርዝመት ይነጠፋሉ። ከጎን ሲጨመቁ ግን ጫናው በአመዛኙ በክሮቹ መካከል ባለው ሙጫ ላይ ያርፋል፤ ቤት የሚሸከም ቀርከሃ በሞርሳ ሲጨመቅ እንደሚሰነጠቅ ማለት ነው። አልሙኒየም ከልክ በላይ ሲጨመቅ ይሰረጉዳል፣ ጉዳቱም በዓይን ይታያል። ካርቦን ግን ንብርብሩ ከውስጥ ተላቆ ላዩ ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያም ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። የቆርቆሮው ስለታም ጠርዝ የቀለበቱን ኃይል ሁሉ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ስለሚያሳርፈው ነገሩን ያባብሰዋል። ጣሳ ቆርጦ ካርቦን ላይ መጠቅለል ጥገና አይደለም፤ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ የሰው ጥርስና አከርካሪ በእጁ መሆኑን ሊያስብ ይገባል።

ግራሶውን በአልኮል በደንብ ጠርገው ዘንጉን ወደ ብርሃን እያዞሩ ይመልከቱ። ቆርቆሮው የነበረበት ቦታ ላይ ጥፍርዎን የሚይዝ የቀለበት ምልክት ካለ፣ ወይም በሳንቲም ሲያንኳኩት እዚያ ላይ ድምፁ ከሌላው ቦታ ይልቅ የታፈነ ከሆነ፣ ዘንጉ ያበቃለት ነውና ይጣል። ከገለጹት ሁኔታ ስነሳ ወደዚያው የሚያመራ ይመስለኛል።

ምትክ ሲገዙ የማስገቢያ መስመር (ዘንጉ ቢያንስ እስከ የት መግባት እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት) እና የማጥበቂያ ልክ ያልታተመበትን ስም የለሽ ካርቦን ዋጋው ቢረክስም ይተዉት። በልኩ የሆነ ካርቦን ካጡ፣ በለኩት የፍሬም ልክ የሆነ ጥሩ አልሙኒየም ከስም የለሹ ካርቦን በብዙ ይሻላል።

ካርቦን ከገጠሙ ግራሶ አይቀቡ። ካርቦን ፔስት ተብሎ የሚሸጠው ቅባት በውስጡ ደቃቅ ፍርፋሪ ስላለው ዘንጉን በትንሽ ኃይል አንቆ ይይዛል። ከመቀባትዎ በፊት በፍሬሙ ቱቦ አፍ ላይ ለማጥበቂያ ተብሎ በተተወው ክፍተት ጠርዝ ላይ የቀረ ስለት ካለ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ዘንጉ ቢያንስ እስከ ማስገቢያ መስመሩ ይግባ። ቡሎኑን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ)፣ በዘንጉና በቀለበቱ ላይ ከታተሙት ቁጥሮች ከአነስተኛው ሳያልፉ ያጥብቁ፤ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ልክ ካልያዘ ችግሩ የልክ ነው፤ ጨምሮ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፣ የተጎዳ ካርቦን ሳያስጠነቅቅ ይሰበራልና።

ኮርቻውን በየቁልቁለቱ ዝቅ የማድረግ ልማድ ካለዎት አቧራው ካርቦኑን ይፍቀዋልና በማንሻ የሚወርድ ዘንግ ይግጠሙ። ካርቦንና አልሙኒየም በእርጥበት ሲነካኩ አልሙኒየሙ ስለሚበላና ዘንጉ ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል፣ ከክረምት በኋላ አውጥተው ጠርገው እንደገና ቀብተው ይመልሱት። ከቀለበቱ በላይ ናስትሮ ጠምጥመው እንጦጦ ደርሰው ይመለሱ፤ ናስትሮው ከቀለበቱ ጋር ተጋፍቶ ከተጨማደደ ልኩን እንደገና ይለኩ።