ማን ይከፍላል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዶላር ናቸው። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ይፋዊው የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ታዲያ የሱቄ ዕቃ ዋጋ ለምን እጥፍ አልሆነም? (የቤት ዕቃ ነጋዴ፣ መርካቶ)

መልስ፦ ምክንያቱን እርስዎ ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቁት እጠረጥራለሁ። ዕቃ የሚያመጡልዎ አስመጪ በ57 ብር ዶላር ያገኙበት ቀን ትዝ ይልዎታል? ወረፋ ጠብቆ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) መክፈት ያልቻለ አስመጪ ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ይገዛ ነበር፤ የዚያ ገበያ ዋጋ ደግሞ ከለውጡ አስቀድሞ 100 ብርን ተሻግሯል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው የተደረጉት 38 የዕቃ ዓይነቶች ደግሞ ከባንክ የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም። ስለዚህ የሱቅዎ ዋጋ ከይፋዊው ተመን ቀድሞ ሄዷል።

በእውነት የተነኩት በይፋዊው ተመን ይገቡ የነበሩት እንደ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ያሉት ናቸው። መንግሥት ጭማሪው በአንድ ጊዜ ወደ ሸማቹ እንዳይወርድ ድጎማ መድቧል፤ ነገር ግን ድጎማ ዋጋን አያጠፋም፤ የሚከፈልበትን ጊዜና ከፋዩን ይለውጣል እንጂ። የነዳጅ ድጎማ በተቀነሰ ቁጥር ልዩነቱ በታክሲ ታሪፍና በእህል ማጓጓዣ በኩል ወደ ቤታችን ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀድሞው ተመን ርካሽ ነበር የሚሉ ሰዎች ለማን ርካሽ እንደነበር አይናገሩም። በ57 ብር ዶላር የተፈቀደለት ሰው በእያንዳንዱ ዶላር 50 ብር ገደማ ስጦታ ይቀበል ነበር። የስጦታው ከፋይ ካገኘው ዶላር አብዛኛውን በዚያው ዋጋ እንዲመነዝር ይገደድ የነበረው ላኪ ነው። ቡናውን በኪሳራ ሸጠው ኪሳራውን በቀራቸው ዶላር በሚያስመጡት ዕቃ ላይ ያካክሱ የነበሩ ላኪዎች የተፈጠሩት ከዚህ ነው። ማካካሻ ያልነበረው ገበሬው ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ የጅቡቲ ወደብ ወጪ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? አሰብን ወይም የሶማሌላንዱን በርበራ ብንጠቀም አይቀንስም? (የጭነት መኪና ባለንብረት፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የገቢ ዕቃችን ከወጪ ንግዳችን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣው መኪና ወይም ባቡር ሲመለስ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው፤ የአንዱ ጉዞ ጭነት የሁለቱን መንገድ ወጪ ይሸከማል። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ከዚህ ስሌት አላመለጠም። በዚያ ላይ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ገንዘብ በመሆኑ፣ ወደቡ ታሪፉን ሳንቲም ባይጨምር እንኳ ብር በተዳከመ ቁጥር እኛ የምንከፍለው በብር ይጨምራል።

አሰብ ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ለእኛ ንግድ ዝግ ሆኖ ቆይቷል፤ ጉዳዩም ከዋጋ በፊት የሰላም ጉዳይ ነው። ስለ በርበራ በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከወደቡ 19 በመቶ ድርሻ እንደሚኖራት ተነግሮ ነበር፤ የሚጠበቅባትን ባለማሟላቷ ግን ድርሻው ቀረ። እኔ በርበራን የምደግፈው ጅቡቲን ይተካል ብዬ ሳይሆን፣ አማራጭ ያለው ደንበኛ በዋጋ መደራደር ስለሚችል ነው።

ጥያቄ፦ ብር በወደቀበት ዓመት የኬንያ ሽልንግ ለምን ተጠናከረ? (የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ሕመማቸው የተለያየ ስለነበረ ነው። ሽልንግ አስቀድሞም በገበያ ይመነዘር ስለነበር የተደበቀ ዋጋ አልነበረውም። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ዶላር ወደ 160 ሽልንግ የደረሰው፣ ኬንያ በዚያው ዓመት ሰኔ የሚደርስባትን የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ አትከፍልም ተብሎ በመፈራቱ ነው። የካቲት ላይ በውድ ወለድ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተበድራ የአሮጌውን ቦንድ ብዙውን ክፍል መልሳ ስትገዛ ፍርሃቱ ረገበ፤ ዶላርም ወደ 130 ሽልንግ ወረደ። ኢትዮጵያ ግን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች።

ኬንያ በመክፈሏ አልቀናባትም። የውዱ ብድር ሸክም ወደ ግብር ረቂቅ ዞሮ ሰኔ 18 ቀን ወጣቶች ፓርላማውን ጥሰው ገቡ፤ በማግስቱም ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን ተዉት። ይሁንና ወጣቶቹ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አንብበው የተከራከሩበት ጊዜ ነበራቸው። የእኛ የምንዛሪ መመሪያ በወጣበት ዕለት ሥራ ላይ ዋለ። ድንገተኛነቱ ለምንዛሪ ውሳኔ ተገቢ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ቀን ቢነገር ዶላሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይደበቅ ነበር። ከእሱ የሚከተለው ግብርና ድጎማ ግን ያን ሰበብ አያገኝም።

ጥያቄ፦ ለእናቴ በየወሩ የምልከውን ገንዘብ በባንክ ልላክ ወይስ በሰው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ድሮ ልዩነቱ ከእጅዎ ገንዘብ ግማሹን ሊያህል ስለሚችል ጥያቄው ያስጨንቅ ነበር። አሁን በላኩበት ቀን የባንኩን ተመን ከላኪው ድርጅት ክፍያ ጋር ደምረው ያነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ጥቂት ብር ከሆነ እናትዎ ደረሰኝ ቢኖራቸው ይሻላል። በሰው የተላከ ቢጠፋ የሚከሱት አይኖርዎትም።