«ምድር ባቡር» ሲባል «ምድር» ትርፍ ቃል ነውን?

ጥያቄ፦ «ባቡር የሚሄደው በምድር ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ‹ምድር ባቡር› ማለት ድግግሞሽ አይሆንም? ‹ለገሃር ባቡር ጣቢያ› የሚለውስ አነጋገር ትክክል ነው? ማብራሪያ ቢሰጡኝ።» (አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ድግግሞሽ አይደለም፤ «ምድር» የሚለውን ቃል እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ።

«ባቡር» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። ዐረብኛውም ከአውሮፓ ቋንቋዎች ወስዶታል፤ መነሻው «እንፋሎት» ማለት ሲሆን መጀመሪያ የተሰጠውም በእንፋሎት ለሚሄደው መርከብ ነበር። በአማርኛም ቃሉ ሐዲድን ብቻ ተከትሎ አልሄደም። እህል የሚፈጨው ሞተር ባቡር ተባለ፤ ዛሬም በገጠር «እህሉን ባቡር ቤት ወሰደችው» ሲባል የሚሰማ ሰው ስለ ወፍጮ እንደሚወራ ያውቃል። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው የእንፋሎት መኪናም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ቀረ። ይህ ሁሉ ባቡር ባለበት አገር በሐዲድ የሚሄደውን ለይቶ መጥራት የግድ ነበር። «ምድር ባቡር» እንደ «ምድር ቤት» ያለ ጥምር ስም ነውና በመካከሉ ምንም አያያዥ አይፈልግም።

ስሙ የሥራውን ያህል ዕድሜ አለው። ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የመንገዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኔም የሥራው ሸሪክ ሆነ። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከእርስዎ ከተማ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት ከባድና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ መንገዱ በቆላው በኩል አለፈ፤ ድሬዳዋም «አዲስ ሐረር» ተብላ ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከሰረ፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም በመንገዱ ላይ ተሻኮቱ። ዕቃው ከድሬዳዋ በግመልና በበቅሎ ወደ መሀል አገር ሲጓዝ ዓመታት አለፉ። ሥራው በአዲስ ኩባንያ ተጀምሮ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ግን ይህን ሳያዩ አርፈዋል። ያን ሁሉ ድካም አንድ ላይ የያዘውን ስም እንደ ተራ ድግግሞሽ መቁጠር ያሳዝነኛል።

ለጽሑፍዎ የሚጠቅመው ልዩነት ይህ ነው። «ባቡር» ተሽከርካሪው ነው፤ «በባቡር መጣሁ» ይባላል። «ምድር ባቡር» ደግሞ ከሐዲዱ እስከ ሠራተኛው ያለው ድርጅት ነው፤ «አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር» የሚለውን አነጋገር ከእርስዎ ከተማ ሰው በላይ የሚያውቀው የለም። እንፋሎቱ ቀርቶ በናፍጣ፣ ከዚያም በኤሌክትሪክ ቢተካም የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ይህንኑ ስም ይዟል።

«ለገሃር» በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው። በጥሬ ትርጉሙ ከተሄደ «ለገሃር ጣቢያ» ድግግሞሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ቃሉ የሰፈር ስም ከሆነ ቆይቷልና «ለገሃር ያለው ባቡር ጣቢያ» በሚል ሐሳብ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ቢሉ ስሕተት የለበትም። መነሻው ላይ ያለው «ለ» ግን የፈረንሳይኛው መስተአምር (በ«ጣቢያው» ላይ እንዳለው እንደ እኛ «ው» ያለ) ነው እንጂ የእኛ መስተዋድድ ስላልሆነ፣ «ከለገሃር» እና «ወደ ለገሃር» ብለው ሳይቀንሱ ይጻፉ።