ኩስኩስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል?

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ ሞሮኮ ሊሄድ ነውና «ኩስኩስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። የፈላ ውሃ አፍስሼበት፣ ከድኜ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቄ «የሞሮኮ ኩስኩስ» እያልኩ ስንት ዓመት ለሰው እንዳቀረብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ኩስኩስ ከስንዴ የሚድቦለቦል ደቃቅ ፍሬ ነው፤ የሚበስለውም በእንፋሎት ነው፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ሥጋው፣ ሽምብራው፣ ካሮቱና ዱባው ከታች ድስት ውስጥ ይንተከተካል፤ ከላይ ቂጡ የተበሳሳው ከስካስ ይደረባል። መጋጠሚያው ዱቄት በተበጠበጠበት ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይጠመጠምበታል፤ አለዚያ እንፋሎቱ በጎን ያመልጥና እህሉ ጥሬውን ይቀራል።

ለአንድ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ ብርጭቆ ውሃ ያዙ። ገስዓ በሚሉት ሰፊ ገበቴ ላይ መጀመሪያ በዘይቱ፣ ቀጥሎ ውሃውን ረጨት እያደረጋችሁ በመዳፍ እሹት። ከስካሱ ውስጥ ሳትጠቀጥቁ አፍሱት። አትክደኑት፤ የክዳኑ ላብ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። እንፋሎቱ በእህሉ መሀል መውጣት ከጀመረ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ገልብጡት፣ የተጓጎለውን በትኑ፣ ጨው ያለበት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀስ በቀስ አጠጡትና መልሱት። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃውን ባንዴ የደፋ ገንፎ ያወጣል። ሦስተኛውም እንዲሁ ነው፤ ሲወርድ «ስሜን» ይገባበታል። ስሜን ጨው ገብቶበት የከረመ ቅቤ ነው፤ ሽታው ለእኛ ሰው ብዙ እንግዳ አይሆንም።

ብርጭቆ ለካሁላችሁ እንጂ የሞሮኮ እናቶች የሚለኩት በእጃቸው ነው፤ ስለዚህ ልኩን ተዉትና እጃቸውን እዩ። እዩ ማለቴ ቅረጹ ማለቴ አይደለም። የዛሬ ልጆች ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ትቀርጻላችሁ፤ ኩስኩስ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል።

የሚበላበት ቀን ዓርብ ነው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። በቀኝ እጅ፣ ከፊት ለፊታችሁ ብቻ ብሉ። መሀል የተቀመጠውን ሥጋ ባለቤቱ እስኪያካፍል እጃችሁን አትስደዱ። ይህ እንኳ ማዕድ ለለመደ ልጅ አይነገርም።

«የዓረብ ምግብ» አትበሉት። በርበር የምንላቸው የሰሜን አፍሪካ ነባር ሰዎች ራሳቸውን ኢማዚገን ይላሉ፤ ሰክሱ የሚለውም ስሙ የእነሱ ነው። ቋንቋቸው እ.ኤ.አ. በ2011ዱ ሕገ መንግሥት ከዓረብኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል፤ በቲፊናግ ፊደላቸው የተጻፉ ሰሌዳዎችን በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ታያላችሁ። የማን ነው ብላችሁም አትከራከሩ፤ በ2020 ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያና ሞሪታኒያ ዩኔስኮ ዘንድ በጋራ አስመዝግበውታል።

የአምስት ደቂቃውን እኔም ማክሰኞ ማታ ሲደክመኝ እሠራዋለሁ። አብሮት የሚጠጣው ልበን የሚሉት አሬራ ነው፤ የናዕናው ሻይ በኋላ ይመጣል።