ተናካሿ ዝንብ የቤቷ ዝንብ አይደለችም

«ላሜ ስትታለብ እግሯን እያነሳች መሬት ትደበድባለች፤ የቤት ዝንብ መናከስ ጀመረ እንዴ?» ብለህ ከሐይቅ የጠየቅከው ወንድሜ፣ አብሽር፤ ዝንቧ ሌላ፣ የበረት ዝንብ ናት። እኔም ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ጥገት ላሞች ይዤ አንድ ክረምት ሙሉ ተሞኝቼባታለሁ።

መድኃኒት ገዝቼ የላሞቹን ጀርባ ረጨሁ። ስኳር በጥብጬ በጠርሙስ ሰቀልኩ፤ ጠርሙሱ በዝንብ ሞላ፣ ላሟ ግን ባልዲ መድፋቷን አልተወችም። አንድ ቀን ሳልብ እኔኑ ቁርጭምጭሚቴ ላይ በካልሲዬ አልፋ ወጋችኝ። መትቼ ጣልኳትና አየኋት። መጠኗም መልኳም የቤት ዝንብ ነው። ከአፏ ግን መርፌ የመሰለ ጥቁር ነገር ወደ ፊት ወጥቷል፤ ሆዷ ነጠብጣብ አለው፣ ሲጨመቅም ደም።

የቤት ዝንብ የምትናከስበት የላትም። አፏ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ስኳሩን በምራቋ አሟሙታ ትመጥጠዋለች። የበረቷ ዝንብ ግን ወንዱም ሴቷም ደም መጣጭ ናቸው (የወባ ትንኝ እንኳ ሴቷ ብቻ ናት)። ደግሞ የምትወደው እግር ነው። ታዲያ ጀርባ ላይ የረጨሁት ለማን ሊጠቅም? ጥቂት ደቂቃ መጥጣ ስትጠግብ ሄዳ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። ላሟ ላይ አምስት ስድስት ብቻ የምታየው ለዚህ ነው፤ ሌሎቹ ግድግዳው ላይ ናቸው።

የቤቷ ዝንብ ለእንቁላሏ ትኩስ ፍግም ቆሻሻም አታማርጥም፤ በአንድ ጊዜ 100 እና ከዚያ በላይ ትጥላለች። ሙቀት ካገኘ እንቁላሉ በ10 ቀን ገደማ ዝንብ ይሆናል። ደሴ ያለችው እህቴ «እኛ ጋ እንዲህ አይበዛም» ትለኛለች፤ ብርዱ ነዋ! የበረቷ ዝንብ እድገቷ ዘገም ይላል፤ የምትመርጠው ሽንትና እበት የነካው እርጥብ ጭድ ነው። እኔ ጋ የተገኘው ከግርግሙ ሥር ነበር፤ ላሞቹ ያራገፉት ጭድ ተረግጦ ተረግጦ ጠፍጥፏል። አካፋ ሳስገባበት እንፋሎት ወጣ፤ ከሥሩ ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል።

ዝቄ አውጥቼ ፀሐይ ላይ በስሱ በተንኩት። ደርቆ ካላለቀው ትል ዶሮዎቹ የድርሻቸውን ለቀሙ። በማግስቱ ለውጥ አትጠብቅ፣ የበረሩት እስኪያልቁ ትታገሣለህ። እኔ ጋ ሁለት ሳምንት አልፎ ነው ላሟ ቆማ የታለበችው። መድኃኒት ካስፈለገህም እግሯንና ግድግዳውን ነው፤ ለምትታለብ ላም የሚሆነውን ግን የእንስሳት ሐኪም ይምረጥልህ።

ግርግምህ መሬት ላይ ነው ወይስ ከፍ ያለ? መሬት ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ሥሩን ቆፍረህ እይ።