የማይመለስ የሆቴል ክፍያን ለሌላ ሰው መሸጥ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ወደሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስና የባህል ዝግጅት ለመሄድ አስቤ፣ በአንድ የጉዞ ድረ ገጽ በኩል የሦስት ሌሊት የሆቴል ክፍል ከፍዬ ይዣለሁ። ዋጋው ቀነስ ያለው ክፍያው የማይመለስ በመሆኑ ነበር። አሁን አማቴ በጠና ስለታመሙ መሄድ አልችልም፤ ሆቴሉም ድረ ገጹም ገንዘቤን እንደማይመልሱ ነግረውኛል። እንዲህ ያለውን ቦታ ለሌላ ሰው መሸጫ የሚሆኑ የኢንተርኔት ገበያዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ሕጋዊ ናቸው? ያስተማምናሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለአማትዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። ከሁሉ አስቀድመን የምናሳስብዎት፣ ገንዘቡ አይመለስም ስላሉዎት ተስፋ ቆርጠው ሪዘርቬሽኑን እንዳይሰርዙት ነው። አንዴ ከተሰረዘ የሚሸጡት ነገር አይኖርዎትም፤ ሆቴሉ ግን ያንኑ ክፍል ለሌላ እንግዳ ሊያከራየው ይችላል።

ገበያዎቹ በእርግጥ አሉ። በእስራኤላውያን የተመሠረተው ሩመር በዚህ ሥራ ቀድመው ከተሰማሩት አንዱ ነበር፤ መቀመጫውን በስኮትላንድ ኤድንብራ ያደረገው ስፔርፌር ደግሞ ከሆቴል በተጨማሪ የአውሮፕላን ጉዞም ያገበያያል። ሻጩ ቀኑንና የሚፈልገውን ዋጋ ያወጣል፤ ገዢው የሚከፍለው ለሻጩ ሳይሆን ለገበያው ነው። በደንብ የተደራጀ ገበያ ገንዘቡን ይዞ ቆይቶ ለሻጩ የሚለቀው፣ ገዢው ሆቴሉ ገብቶ ማረፉ ሲረጋገጥ ነው። እኛ የአንድን ገበያ ታማኝነት የምንመዝነው ከሁሉ በፊት በዚህ አሠራር ነው፤ ገንዘቡን ወዲያውኑ ለሻጩ የሚያስተላልፍ ከሆነ ይተዉት።

ሕጋዊነቱን በተመለከተ፣ ወሳኙ ሲከፍሉ የተስማሙበት ውል ነው። አብዛኞቹ አየር መንገዶች በቲኬት ላይ የተጻፈ ስም እንዲለወጥ አይፈቅዱም፤ ብዙ ሆቴሎች ግን ክፍያው እስከተጠናቀቀ ድረስ የእንግዳውን ስም ለመለወጥ አያስቸግሩም። ስለዚህ ለሽያጭ ከማውጣትዎ በፊት ወደ ሆቴሉ ደውለው፣ የተከፈለበትን ክፍል በሌላ ሰው ስም ማዞር እንደሚቻል ይጠይቁ። በድረ ገጽ በኩል የያዙ በመሆንዎ፣ ለውጡን ማድረግ የሚችለው ድረ ገጹ ብቻ ነው ሊሉዎት ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ ጥያቄውን ለድረ ገጹ ያቅርቡ። ዋናው ነገር በቃል የተሰጠን ተስፋ አለመቀበል ነው፤ አዲሱ ስም የሰፈረበት ማረጋገጫ በኢሜይል ሊደርስዎት ይገባል፤ ምክንያቱም እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ሠራተኛ የገዢውን መታወቂያ የሚያመሳክረው ኮምፒውተሩ ላይ ከሚያየው ስም ጋር ነው። በተጨማሪም፣ ገዢው በክፍሉ ውስጥ ለሚጠቀምበት ወይም ለሚያበላሸው ዕቃ እርስዎ እንዳይከፍሉ፣ ለመያዣ የሚቀርበው ካርድ የገዢው እንዲሆን ያስደርጉ።

ዋጋ ሲተምኑ መነሻዎ እርስዎ የከፈሉት ሳይሆን ሆቴሉ ዛሬ ያንኑ ክፍል የሚሸጥበት ዋጋ ይሁን። ለምሳሌ 600 ዶላር ከፍለው ሆቴሉ አሁን በ540 ቢሰጠው፣ 500 ዶላር ለሚል ሻጭ ብዙ ሰው አይቸኩልም፤ 400 ቢሉ ግን የሚጠይቅዎት አያጡም። የመግቢያው ቀን በቀረበ ቁጥር የመደራደር አቅምዎ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ሌሊት ካለፈ ደግሞ ብዙ ሆቴሎች እንግዳው ቀርቷል ብለው የቀሩትንም ሌሊቶች ይሰርዛሉ።

ለሽያጭ ከመቸኮልዎ በፊት ግን የከፈሉበትን ክሬዲት ካርድ ውል ያንብቡ። አንዳንድ ካርዶች በቅርብ ቤተሰብ ሕመም ምክንያት ለተቋረጠ ጉዞ የመድን ሽፋን ስላላቸው፣ የሐኪም ማስረጃ አቅርበው ገንዘብዎን ሊያስመልሱ ይችሉ ይሆናል። በካሊፎርኒያ የሚገኝ ሆቴል ለሚይዙ አንባቢዎችም የሚጠቅም ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ከመግቢያው ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ የተያዘን ክፍል፣ ከተያዘ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት ለተገዛ ዕቃ የሚሠራው የ14 ቀን የመመለስ መብት ግን የተወሰነ ቀን ለተያዘለት የሆቴል ክፍል አያገለግልም።

በዚህ ሰሞን በቴሌግራምና በፌስቡክ ቡድኖች ክፍል የሚፈልጉ አንባቢዎችም ይጠንቀቁ። የማረጋገጫ ወረቀት ፎቶ ማስረጃ አይሆንም፤ ሻጩ ያንኑ ፎቶ ለብዙ ሰው ሊልክ፣ ወይም ገንዘብዎን ከተቀበለ በኋላ ቦታውን ሊሰርዘው ይችላል። በዜል (ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ ገንዘብ በሚላክበት የአሜሪካ አገልግሎት) የተላከ ገንዘብን ማስመለስ ደግሞ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የሆቴሉን ስልክ ከሻጩ ሳይሆን ከራሱ ከሆቴሉ ድረ ገጽ ወስደው ይደውሉ፤ ክፍሉ በስምዎ መዞሩንና ሙሉ በሙሉ መከፈሉን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይላኩ።